«ኖር» የማይባልላት ልጅ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሳም፤ የማውቀው ሲደውልም ትንሽ አስብበታለሁ። ያን ቀን ግን እጄ ቀደመኝ።

«የሚስተር ተፈራ ልጅ ነሽ?» አለችኝ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ። «ከናጉሩ ነው የምደውለው፤ ፖሊስ ነኝ። አትደንግጪ። አባትሽ እኛ ዘንድ ናቸው።»

«ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፉም። እንዲያውም እንደሳቸው ያለ ጨዋ ሰው እዚህ ገብቶ አያውቅም። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ መቀመጥ እንቢ ብለዋል።»

ይህን ስሰማ ትክክለኛው አባቴ መሆኑን አረጋገጥኩ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ ወደምሠራበት ካምፓላ መጥቶ፣ ቡኮቶ ባለችው ጠባብ ቤቴ አብረን እንኖራለን። አባዬ ሰው ሲገባ ይነሳል። ትልቅ ሰው ሲገባ ማንም ይነሳል፤ የሱ ግን ለሁሉም ነው። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ጎረምሳ ሲገባ ይነሳል። ማቶኬ የምትሸጥልን ሴትዮ የሙዝ ዘለላዋን ተሸክማ በር ላይ ብቅ ስትል ይነሳል። «ኖር!» ይላል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። በአገራችን ወግ የገባው ሰው «በእግዜር!» ይልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ኡጋንዳ ውስጥ ግን «በእግዜር» ብሎ የሚያስቀምጠው ሰው ስለሌለ አባዬ ብዙ ጊዜ ቆሞ ይቀራል።

እንግዲህ ይህን ሰው ፖሊሶች ያለማቋረጥ የሚገቡበትና የሚወጡበት ክፍል ውስጥ አስቡት።

ከመሥሪያ ቤት ወደ ናጉሩ የሄድኩት በታክሲ ነው። እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። ካምፓላ ውስጥ ከታክሲ ለመውረድ የፈለገ ሰው «ማሳዎ!» ብሎ መጮህ አለበት፤ «እዚያ ጋ አውርደኝ» እንደማለት ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ፣ በማዕረግ ተመርቄአለሁ፣ «ማሳዎ» ማለት ግን አልችልም። ሌላ ሰው እስኪጮህ እጠብቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ቀድሞኝ ካልወረደ መጨረሻው ድረስ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ጫማዬ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ቀንም ናጉሩን አልፌ ሄጄ፣ ዳገቱን ላብ በላብ ሆኜ ተመለስኩ።

ስደርስ አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በእጁ በፌስታል የተቋጠረ ትልቅ ዓሣ ይዟል። ሐይቁ ዳር ወዳለው ወደብ፣ ፖርት ቤል፣ ወርዶ ከዓሣ ነጋዴዎቹ ጋር መከራከር ይወዳል። ሲመለስ የተሳሳተ ታክሲ ውስጥ ገብቶ፣ የወረደበትን ሰፈር ማወቅ አቅቶት፣ ዘብ የቆመበት ትልቅ በር ሲያይ «እዚህ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም» ብሎ ገባ።

በሩን ገፍቼ ስገባ አየኝ። ቀጥ አለ። እጁን ከነዓሣው ደረቱ ላይ አደረገ።

«ኖር! ይግቡ እመቤቴ» አለ።

ዓይኔን እያየ ነው ያለው። ወደ ኋላዬ ዞር ስል የደወለችልኝ ፖሊስ ለሱ ያመጣችውን ሻይ ይዛ ቆማለች። ወዲያው አባዬ ፊቱ በራና «አንቺ ነሽ እንዴ! ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«የተነሳው ለፖሊሷ ነው» አልኩ ለራሴ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ዓሣው በሙቀቱ የታክሲውን ሕዝብ ሁሉ አፍንጫ እያስያዘ፣ «ለፖሊሷ ነው፣ ለፖሊሷ ነው» እያልኩ ሄድኩ። አባዬ ግን በሕይወቱ ለኔ ተነስቶ አያውቅም። ለልጅ አይነሱም።

ያን ሰሞን ብዙ ነገር ትዝ ይለኝ ጀመር። አባዬ ሰውን ሁሉ «የኔ ጌታ»፣ «እመቤቴ»፣ «ዓለሜ» እያለ መጥራት ከጀመረ ቆይቷል። «ካምፓላ እንዴት ጨዋ አደረገው!» ተባብለን ነበር። ለካ ስማቸው ጠፍቶበት ኖሯል። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ደግ ቋንቋ ነው፤ የማንንም ስም ሳያውቁ መቶ እንግዳ ማስተናገድ ይቻላል።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ስለ ቀኑና ስለ ቦታው ጠየቀው፣ ሥዕል አስሣለው፣ ቃላት አስደገመው። ያስነሳውን የጭንቅላት ምስል አየና ከዕድሜው የተለየ ነገር እንዳላገኘበት ነገረኝ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ አስቀመጠኝ።

«ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል» አለ። «እናትሽ ካረፉ ወዲህ ነው ብለሻል። ከባድ ኀዘን እንዲህ ያደርጋል፤ ያ ከሆነ ይታከማል። ወይም ደግሞ አእምሮው ራሱ ቀስ በቀስ እየደከመ ነው። እሱ ከሆነ እየጨመረ ይሄዳል። እስካሁን ባየሁት ብቻ መለየት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ፔት ስካን ይነሱ።»

ፔት ስካን ምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ እንደ ምግብ ቤት ነገር ሆኖ ነው የገባኝ። አእምሮ የሚኖረው በስኳር ነው። ስኳር መሰል ነገር ላይ ትንሽ ጨረር አድርገው በደም ሥር ይሰጣሉ፤ የሚሠራው የአእምሮ ክፍል ይበላዋል፣ የደከመው ይተወዋል። ማሽኑ ማን እንደበላና ማን እንደተወ ያሳያል። የትኛው በሽታ የትኛውን ክፍል ከማዕድ እንደሚያስቀር የታወቀ ስለሆነ ሐኪሙ ከዚያ ይገምታል።

«ለመሆኑ» አለኝ ልወጣ ስል፣ «አንቺን ለይተው ያውቁሻል?»

«አዎ» አልኩ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ።

የምርመራው ትእዛዝ ሦስት ነገር ነበር። ከማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀምስ። መድኃኒቱ ከተሰጠው በኋላ ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ፣ ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ እንዲያርፍ። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጭንቅላቱን እንዳያነቃንቅ። ጾሙን አልፈራሁም፤ አባዬ ጾም ለምዷል። የፈራሁት ጠያቂ መጥቶ እንዳያስነሳው ነው፤ ስለዚህ ለማንም አልነገርኩም። ለእትዬ ብዙነሽ ብቻ ነገርኩ።

እትዬ ብዙነሽ ካምፓላ ያለነው ኢትዮጵያውያን ያቋቋምነው ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። በምስጢር ነው የነገርኳቸው። እሳቸውም በምስጢር ተቀበሉኝ፤ ለነገሯቸው ሰዎች ሁሉ «በምስጢር ያዙት» እያሉ ነው የነገሯቸው።

ቀኑ ደረሰ። የተቀበለችን ነርስ ሲስተር ሮዝ ትባላለች፤ ሰፋ ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። መድኃኒቱን ከሰጠችው በኋላ አባዬን ደብዛዛው ክፍል ውስጥ ተደላድለው የሚጋደሙበት ወንበር ላይ አስተኛችው።

«ሙዜ፣ አሁን ማረፍ ነው» አለችው። ሙዜ እዚህ ለሽማግሌ የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። «አይናገሩ፣ አይነሱ።»

«እሺ እመቤቴ» አለ አባዬ፤ እሷም ወጣች። ብርድ ልብስ ረስታ ነበርና ተመልሳ ገባች። አባዬ ተነሳ። «ኖር!»

አስተኛችው። ወጣች። ብርሃኑ እንደበዛበት አይታ ልታደበዝዘው ገባች። አባዬ ተነሳ።

«ባናንጌ!» አለች ሲስተር ሮዝ፤ «ወገኖቼ!» እንደማለት ነው። «ምን ሆነው ነው?»

«ወጋችን ነው» አልኳት በሹክሹክታ። «ሰው ሲገባ ይነሳል።»

«እንግዲያው ማንም እንዳይገባ። አንቺ በሩ ላይ ቁሚ፤ ማንንም አታስገቢ።»

በዓለም ላይ ካሉት ዘበኞች ሁሉ የመጨረሻዋን መርጣ ሄደች። በሩ ላይ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ የአገሬ ሰው ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ። እትዬ ብዙነሽ ከፊት፣ የማኅበሩ ሴቶች ከኋላ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የምግብ ሳህን በጨርቅ ቋጥረው፣ ፔርሙስ አንጠልጥለው ይመጣሉ።

«እንዴት ታማሚ ብቻውን ይተኛል?» አሉኝ ገና ሳይደርሱ። «እኛ ሞተናል?»

«እትዬ፣ መግባት አይቻልም» አልኩ። አልኩ ብዬ ነው የማስበው። ከንፈሬ ተንቀሳቅሷል፤ ድምፁ ግን አልወጣም።

«ምን አልሽ ዓለሜ?»

«አይ... ደህና ናችሁ ወይ ማለቴ ነው።»

ሳሙኝ። አንደኛዋ ስትስመኝ ሌላዋ ከኋላዬ በሩን ከፈተችው። በሩ ላይ ትልቅ የጨረር ምልክት ተለጥፏል፤ ሦስት ክንፍ ያለው። እትዬ ብዙነሽ ቀና ብለው አዩትና «ጎሽ፣ ቬንትሌተር ያለበት ክፍል ነው የሰጡት። ሙቀቱ እንዳይጎዳው ነው» ብለው ገቡ።

አባዬ ተነሳ። እንደ ወታደር ነው የተነሳው። «ኖር! ኖር! ግቡ እመቤቶቼ!»

«በእግዜር! በእግዜር ጋሼ ተፈራ! አይነሱ!»

ይኼኔ ነው እውነተኛው ጣጣ የመጣው። አባዬ እንግዶቹ ሳይቀመጡ አይቀመጥም። እንግዶቹ ደግሞ ታማሚው ሳይተኛ አይቀመጡም፤ ቢቀመጡም ክፍሉ ውስጥ ያለው የሱ ወንበር ብቻ ነው።

«እርስዎ ይቀመጡ።»

«እናንተ ቆማችሁማ አይሆንም።»

«ኧረ በሞቴ!»

«እኔ ልሙት! እመቤቴ፣ እዚህ ይቀመጡልኝ» ብሎ ወንበሩን ለእትዬ ብዙነሽ ለቀቀ። እሳቸውም መድኃኒት ተሰጥቶት እንዲያርፍ በታዘዘ ሰው ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ለይሉኝታ ያህል ጫፉን ይዘው ተቀመጡ።

ሲስተር ሮዝ የገባችው በዚህ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ታማሚውን ፈለገች፤ ወንበሩ ላይ የማታውቃትን ሴት አገኘች። ከዚያ ሳህኖቹን አየች። ከዚያ እኔን አየች። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ሁላችሁም ውጡ! ጨረር ነው! ነፍሰ ጡር አለች?»

«ምን ትላለች?» አሉኝ እትዬ ብዙነሽ።

«ነፍሰ ጡር ካለች ቶሎ ትውጣ ነው የምትለው።»

እትዬ ብዙነሽ ስልሳን ካለፉ ቆይተዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ተባረኪ በያት» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ የጠረጠረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ሴቶቹ መጠበቂያው ክፍል ሄደው ተደረደሩ። አባዬ እንደገና ተጋደመ፤ ሲስተር ሮዝም ዕረፍቱን ከመጀመሪያ አስጀመረችው። በዚህ ጊዜ ራሷ በሩ ላይ ቆመች። ስታየኝ ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ ግን ከሣቅዋ ጋር።

ከዚያ የማሽኑ ተራ መጣ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኢቫን የሚባል ወጣት ነው። አባዬን አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን በመቀነት ነገር ያዝ አድርጎ፣ በመስታወት ወደተለየው ክፍል ወጣ። እኔም ከሱ ጋር ሆኜ በመስታወቱ አያለሁ። ኢቫን የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫነ።

«ሙዜ፣ አሁን ልንጀምር ነው። እንዳይንቀሳቀሱ።»

የሰው ድምፅ ገባ ማለት ሰው ገባ ማለት ነው። የአባዬ ጭንቅላት ከነመቀነቱ ቀና አለ፤ ትከሻው ተከተለ።

«ሙዜ ይተኙ!»

ድምፁ ሁለተኛ ገባ፤ አባዬም ሁለተኛ ተነሳ። የመጀመሪያው ምስል ወጣና ኢቫን አሳየኝ። የአባዬ አእምሮ በጭጋግ ቀን ከሩቅ እንደሚታይ ሐይቅ ሆኗል። ኢቫን ገብቶ ሲለምነው «ልጄ፣» አለው አባዬ በትሕትና፣ «ከማላየው ሰው ጋር ተኝቼ ልነጋገር? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«ድምፅ ሳናሰማ ምስሉን እናንሳ» አልኩ።

«ዝም ብንልም የማሽኑን ድምፅ ሲሰሙ ሰው የመጣ እየመሰላቸው ነው» አለ ኢቫን ሰዓቱን እያየ። መድኃኒቱ እየደከመ የሚሄድ ነው፤ ብዙ አይጠብቅም። ዛሬ ካልሆነ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም።

ሲስተር ሮዝ ወደኔ ዞረች። «የማይነሱለት ሰው የለም?»

መልሱን አውቀዋለሁ። አንድ ሰው አለ። ቢያንስ እስከዚያ ሐሙስ አሥር ሰዓት ድረስ ነበር። አሁንም መኖሩን ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ ፈራሁት። ዝም ብል ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ ይቀራል፤ ከጥያቄ ጋር መኖር ይቻላል። ብናገርና ቢነሳስ?

«እኔ ልሞክር» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለ ኢቫን። አልተሰማውም።

«እኔ ልሞክር።»

ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። «ከፍ አድርጊ፤ ማሽኑ ይጮሃል።»

አፌን ከፈትኩ። «አባዬ» አልኩ፤ ትንኝ እንኳ አይሰማውም። ኢቫን «ከፍ!» አለኝ። ያልጮህኩት «ማሳዎ» ሁሉ፣ የስንት ዘመኑ፣ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ነበር መሰለኝ፤ አንድ ላይ ወጣ።

«አባዬ!»

ክፍሉ ተንቀጠቀጠ። ከመጠበቂያው ክፍል «በስመ አብ!» የሚል የሴቶች ድምፅ ሰማሁ። አባዬን አየሁት። ጭንቅላቱ ካለበት አልተነቃነቀም።

«አቤት ልጄ» አለ ተኝቶ። «ምነው ትጮሂያለሽ? የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ። እንዳትነሳ።»

«ለአንቺ ደግሞ ማን ይነሳል!» አለ።

ብዙ ሰው ምስጋና፣ ሙገሳ፣ ሽልማት ይሰጠው ይሆናል። ለኔ ከዚህ የሚበልጥ እስካሁን የተሰጠኝ የለም። ማሽኑ እስኪጨርስ አወራሁለት። «አትመልስልኝ፣ ዝም ብለህ ስማ» አልኩት፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ፖሊሷ፣ ስለ እትዬ ብዙነሽ እርግዝና ነገርኩት። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ኢቫን አማርኛ አይሰማም፤ ግን ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሳ አንገቱን ይወዘውዛል። ሁለተኛው ምስል እንደ መስታወት ጠራ።

ስንወጣ ሴቶቹ አባዬን እዚያው መጠበቂያው ላይ ከበው አበሉት። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ለጥቂት ሰዓት እንዳይቀርቡት ሲስተር ሮዝ አሳሰበች። እትዬ ብዙነሽ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ትንሽ ራቅ አደረጉና ሁላችንንም አሣቁን። ለሲስተር ሮዝና ለኢቫንም ሳህን ደረሳቸው፤ ኢቫን በጉርሻ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ጎረሰ። ላባርራቸው የሞከርኳቸው ሴቶች ባይኖሩ ያን ቀን ብቻዬን ምን እሆን እንደነበር አሁን ሳስበው ይጨንቀኛል።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። ምስሉን አሳየኝ፤ የበላው ክፍል ደምቋል፣ ከኋላና ከጎን ግን የደበዘዘ ቦታ አለ። «ምስል ብቻውን ፈራጅ አይደለም፣ ምስክር ነው» አለኝ። «ከሌላው ምርመራ ጋር ሳየው ግን ኀዘን ብቻ አይመስለኝም። በሽታው አለ። ግን ገና መጀመሪያው ላይ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለንም፤ የሚደግፍ አለ። ብቻቸውን ሩቅ አይሂዱ። የለመዱትን ነገር አታስቀሪባቸው።»

«ለሰው መነሳቱንስ?» አልኩት።

ጥያቄዬ አልገባውም። ግን በደግነት «የለመዱትን ሁሉ» አለኝ።

አመስግኜው ወጣሁ፤ ከልቤ ነው ያመሰገንኩት። የሰማሁት ደስ የሚል ነገር አይደለም። ግን ካለማወቅ ዳገት ወርጃለሁ፤ ደግሞም ገና መጀመሪያው ላይ ነን። ፖርት ቤል አብሬው እሄዳለሁ። ዓሣ ነጋዴዎቹ ሁለት ተከራካሪ ይመጣባቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ሻይ ይዤ ክፍሉ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ጫማው ተመለሰ። አልተነሳም። ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። ማንኪያ ረሳሁ ብዬ ተመልሼ ገባሁ፤ አልተነሳም። መጋረጃውን ልከፍት ገባሁ፤ አልተነሳም። ያልጠፋ መሐረብ ልፈልግ ገባሁ።

«ልጄ» አለኝ ብሩሹን አስቀምጦ፣ «ዛሬ በሩ ላይ ተቀጠርሽ እንዴ? እንድነሳልሽ ፈልገሽ ከሆነ ንገሪኝ።»

«አይ አባዬ። ለኔ እንዳትነሳ።»

«እንግዲያው ስኳር ጨምሪበት፤ ሻይሽ ስኳር የለውም።»

ስኳሩን ላመጣ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባም እንደተቀመጠ ነበር።